ስኳሩ ወርዶ ልጁ ለምን ታመመ?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከምትሠራ ነርስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከደምቢያ አባቱ ይዘውት መጡ። የታወቀ የስኳር ታማሚ ነው፣ ክብደቱ 48 ኪሎ። ሦስት ቀን ሙሉ አስመልሶታል፣ ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ነበር። ስኳሩ 486፣ የሽንት ኬቶን 3 ፕላስ፣ ሶዲየም 128፣ ፖታሲየም 4.1። ኖርማል ሳላይንና በየሰዓቱ ሬጉላር ኢንሱሊን ጀመርንለት። ፖታሲየሙ ደህና ስለነበር ምንም አልጨመርንም። በስድስተኛው ሰዓት ስኳሩ 190 ገባ፣ ኢንሱሊኑም ቆመ። ኬቶኑ ግን ጭራሽ ጠቁሮ 4 ፕላስ አለ። ሲነጋ እንደገና ማስመለስ ጀመረው፣ ትንፋሹም ወደ ድሮው ተመለሰ፣ እግሬ ከዳኝ ይላል። ፖታሲየሙ 2.8 ሆኗል። የተሳሳተው ላብራቶሪው ነው ወይስ እኛ? ነርስ ሆኜ የትኛውን ውጤት ነው በዓይኔ መከተል ያለብኝ?»

ሲስተር፣ ቅድሚያ ለልጁ። ይህን በምታነቢበት ሰዓት ፖታሲየሙ አሁንም እዚያው ከሆነ ማንበቡን ተይውና ሐኪሙን ጥሪ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ፣ ሽንቱ እየወጣ መሆኑ ይታይ፣ ፖታሲየም በድሪፕ ይጀመር። ኢንሱሊኑ ፖታሲየሙ 3.5 እስኪያልፍ ይጠብቃል። ትንፋሹ ቢያስፈራሽም ይጠብቃል። ከዚያ ተመለሺ፣ እናወራለን።

እሺ። ላብራቶሪው የተሳሳተ አይመስለኝም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይስማማሉ። የተሳሳተው አነባበቡ ነው። ይህን ስል ከላይ ሆኜ አይደለም፤ እኔም ገና ጀማሪ እያለሁ፣ የት እንደነበር ይቅር፣ አንዲት ልጅ ተመሳሳይ ነገር ይዟት መጥታ የፖታሲየሙን ውጤት ሳልጠብቅ ኢንሱሊኑን ሰጠኋት። ውጤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፣ 3.0 ይላል። የልብ ምቷ ሲዛባ ሞኒተሩ ላይ አየሁት። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የስኳር ድንገተኛ ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ስኳሩ ላይ አይደለም።

ፖታሲየምን እንደ እህል አስቢው። ከመቶ 98ቱ ጎተራ ውስጥ ነው፣ ማለትም ሴል ውስጥ። እኛ በደም የምንለካው ገበያ የወጣችውን ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋና ደሙ አሲድ ሲሆን ፖታሲየም ከጎተራው እየወጣ ገበያ ይገባል። ገበያ ላይም አይቆይም፣ በሽንት ይፈሳል፣ በትውከት ይሄዳል። ሦስት ቀን እንዲህ ከቀጠለ ጎተራው ተራቁቷል፣ ገበያው ግን ገና ሙሉ ይመስላል። ክፉ ዓመት ላይ ገበሬው ያለ የሌለውን አውጥቶ ሲሸጥ ገበያው እንደሚሞላው ማለት ነው። 4.1 ብለሽ ያነበብሽው ይህን ገበያ ነው።

በዲኬኤ፣ ማለትም ኢንሱሊን ጠፍቶ ኬቶን የሚባለው አሲድ ደም ውስጥ ሲጠራቀም በሚመጣው የስኳር ድንገተኛ ሕመም፣ የመጣ ሰው ከሰውነቱ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊኢኩቫለንት (የጨው መለኪያ ነው) ፖታሲየም ጎድሎት ነው የሚመጣው። 48 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ144 እስከ 240 ማለት ነው። ቀላል ጉድለት አይደለም። ኢንሱሊን ስትሰጪው የጎተራውን በር ከፈትሽለት፣ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ተግተልትሎ ተመልሶ ገባ። ሳላይኑ (የጨው ውሃ ድሪፑ) ደግሞ የቀረውን አቀጠነው፣ በሽንትም ተጨማሪ አስወጣው። እንግዲህ 4.1 የነበረው አድሮ 2.8 ቢሆን ምን ይገርማል? ባይወርድ ነበር የሚገርመው። እግሬ ከዳኝ ማለቱም ከዚሁ ነው፣ ጡንቻው ፖታሲየም አጥቷል።

ስለዚህ ኢንሱሊን በሲሪንጅ ከመቅዳትሽ በፊት የምትጠይቂው ቁጥር ፖታሲየም ነው። ከ3.5 በታች ከሆነ ኢንሱሊን አይጀመርም፤ በፊት ወሰኑ 3.3 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ማኅበራት ከሌሎች ጋር ባወጡት የጋራ ሰነድ ወደ 3.5 ከፍ ብሏል። ከ3.5 እስከ 5 ከሆነ ኢንሱሊኑ ይሂድ፣ ግን በየሊትሩ ፈሳሽ ፖታሲየም ይጨመራል፣ ብዙ ጊዜ 20 ሚሊኢኩቫለንት አካባቢ፣ ዓላማው ከ4 እስከ 5 መሀል ማቆየት ነው። የእናንተ ልጅ እዚህ ውስጥ ነበር። 4.1 «ደህና» ሳይሆን «አሁኑኑ ጨምሩ» የሚል ቁጥር ነበር። ከ5 በላይ ከሆነ ኢንሱሊኑ ይጀመራል፣ ፖታሲየም አይጨመርም፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ይደገማል፣ ምክንያቱም መውረዱ አይቀርም።

የምታውቂው ቢሆንም ልድገመው፦ ፖታሲየም በቀጥታ በሲሪንጅ ደም ሥር ውስጥ አይገፋም። በጭራሽ። ባጉ ውስጥ ገብቶ፣ ባጉ በደንብ ተገለባብጦ፣ በልክ ይወርዳል። ሞኒተር በሌለበት በእጅ ደም ሥር በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት በላይ እንዲሄድ አልፈቅድም። አምፑሉ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ፣ የሚመጣው ሁሉ መጠኑ አንድ አይደለም። ሽንቱን ደግሞ ለኪ። በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ፣ ለዚህ ልጅ 24 ሚሊ ገደማ፣ እሱ እንኳን የማይወጣ ከሆነ ፖታሲየሙን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪሙ ይወቅ።

የፖታሲየም ቁጥር ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። ደም ሥሩ ጠፍቶ ቶርኒኬው (የክንድ ማሰሪያው) አምስት ደቂቃ ታስሮ፣ ልጁ እጁን ጨብጥ ፍታ ሲባል ቆይቶ፣ በቀጭን መርፌ ተጎትቶ የተቀዳ ደም ቀይ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ፖታሲየሙም ከፍ ብሎ ይወጣል። ሌላው የምናውቀው ጉድ አለ። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አለቀ ይባልና አስታማሚው ቱቦውን በኪሱ ከቶ ከተማ ወዳለ የግል ላብራቶሪ ይሄዳል። ባጃጅ ይጠብቃል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት አለፈ። ያልተለየ ደም ውስጥ ሕዋሱ ስኳሩን እየበላ ይቆያል፣ በሰዓት ከመቶ 5 እስከ 7 ይቀንሳል፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ከሕዋሱ እየሾለከ ይጨምራል። የተመለሰው ወረቀት ስኳሩን ዝቅ፣ ፖታሲየሙን ከፍ አድርጎ ያሳይሻል። ለእኛ ደግሞ በጣም አደገኛው ውሸት ይሄ ነው፣ የጎደለውን ሙሉ የሚያስመስል። ኢሲጂውን ተመልከቺ። ቲ ዌቩ (ከትልቁ ምት ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ) እንደ ድንኳን ከሾለ ከፍታው እውነት ሊሆን ይችላል። ተዘርግቶ ከኋላው ዩ ዌቭ የሚባል ሌላ ትንሽ ሞገድ ካስከተለ ወረቀቱን አትመኚው። ምንም ምልክት የማያሳይ ኢሲጂ ግን ብቻውን ነጻ አያወጣሽም፣ ናሙናውን ድገሚ።

ወደ ኬቶኑ ልምጣ፣ ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሆነው። በስድስተኛው ሰዓት 4 ፕላስ ማለቱ አንድ ነገር ነው፣ ሲነጋ ትንፋሹ መመለሱ ሌላ። የሽንት ስትሪፑ የሚያየው አሴቶአሴቴት የሚባለውን ኬቶን ነው። ዲኬኤ ውስጥ በብዛት ያለው ግን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ነው፣ ስትሪፑ እሱን አያየውም። ኢንሱሊኑ መሥራት ሲጀምር ቤታው ወደ አሴቶአሴቴት ይለወጣል። እናም ልጁ እየተሻለው ስትሪፑ ሊጠቁር ይችላል! በዚያ ላይ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ሲጠራቀም የቆየ ነው፣ የአሁኑን ሳይሆን ከሰዓታት በፊት የነበረውን ይነግርሻል። በሕክምናው መሀል ስትሪፑ ከ3 ወደ 4 ፕላስ ስላለ ብቻ «እየባሰው ነው» አትበዪ፣ ኢንሱሊን ጨምሩም አትበዪ። የደም ኬቶን መለኪያ ያለው ቦታ የሚሠራ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፣ ቁጥሩ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ዲኬኤን ይደግፋል፣ በየሰዓቱ ሲወርድም ታዪዋለሽ። እኛ ጋ ያለው በብዛት ስትሪፕ ነው፣ በስትሪፕ እንሠራለን።

ሆኖም ያ 4 ፕላስ አንድ እውነት ነግሯችሁ ነበር። ኬቶኑ አልጠፋም። ታዲያ ኢንሱሊኑ ለምን ቆመ?

የቆመው ስኳሩ ስለወረደ ነው፣ ይህ ደግሞ ሁላችንም ጋ ያለ በሽታ ነው። ኢንሱሊን የሚሰጠው ለስኳር ነው ብለን ስለተማርን ስኳሩ ሲወርድ እፎይ እንላለን። ዲኬኤ ላይ ግን የኢንሱሊኑ ዋና ሥራ የኬቶኑን ፋብሪካ መዝጋት ነው። ስኳር ቶሎ ይወርዳል፣ ፈሳሹ ብቻውን እንኳን ያወርደዋል። አሲዱ ግን ዘግይቶ ነው የሚጸዳው፣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በደም ሥር የገባ ሬጉላር ኢንሱሊን ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፣ ካቆምሽው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው አልቋል። የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ሳይሰጠው ሬጉላሩ ከቆመ ልጁ ሌሊቱን ያለ ምንም ኢንሱሊን ነው ያደረው። ፋብሪካው ተከፈተ፣ ትንፋሹ ተመለሰ።

መሆን የነበረበት፦ ስኳሩ 250 ሲገባ ግሉኮስ ያለው ፈሳሽ ይጨመራል፣ ኢንሱሊኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ አይቆምም። በሰዓት በኪሎ 0.1 ዩኒት የነበረው 0.05 ይሆናል። ስኳሩን ወደ 200 አካባቢ እየጠበቅሽ አሲዱ እስኪጸዳ ኢንሱሊኑን ታስኬጃለሽ። አዲስ ገቢ ነርሶች «ስኳር ላለበት ሰው ግሉኮስ?» ብለው ሲደነግጡ አይቻለሁ፣ አስታማሚዎችማ ባጉ ላይ የተጻፈውን አንብበው ይጣላሉ። አትፍሪ፣ ኢንሱሊኑ እንዳይቋረጥ የሚያስችልሽ እሱ ነው። ከዚያ ልጁ መብላት ሲችል ኤንፒኤቹ፣ ማለትም የረጅም ሰዓቱ ኢንሱሊን፣ ከቆዳ ሥር ይሰጥና የደም ሥሩ ኢንሱሊን ከ1 እስከ 2 ሰዓት አብሮት ቆይቶ ነው የሚቆመው። ስኳሩን ቁልቁል ስታወርጂ ደግሞ አትሩጪ፣ በሰዓት ከ50 እስከ 75 መውረድ ይበቃል።

«አሲዱ መጽዳቱን በምን አውቃለሁ?» ትዪኝ ይሆናል። ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያመክነውን የደም ጨው) መለካት ከቻላችሁ ሶዲየሙን ይዘሽ ክሎራይድንና ባይካርቦኔትን ቀንሺ። ለምሳሌ የዚህ ልጅ ክሎራይድ 92፣ ባይካርቦኔቱ 8 ቢሆን ኖሮ 128 ሲቀነስ 100፣ 28 ይመጣል። 12 እና ከዚያ በታች መሆን ነበረበት፤ የተረፈው ሁሉ ያልተጸዳ አሲድ ነው። ይህ ክፍተት ሲዘጋ፣ ባይካርቦኔቱም 18 ሲደርስ ወጥቷል ትያለሽ። ግን ብዙ ቦታ ያለው ማሽን ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እንኳን ኤቢጂ (የደም አሲድና ጋዝ ምርመራ) ባይካርቦኔትም የለም። የጎንደር ጤና ባለሙያ ለዚህ አዲስ አይደለም መቼም፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐሳቡ ላብራቶሪ በሌለበት ወረዳ ገብቶ የሚሠራ ሰው ማፍራት ነበር። እንደዚያ ሥሪ። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፣ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት አታባዢ። ከ36 ወደ 28፣ ከ28 ወደ 20 እየወረደ ከሆነ አሲዱ እየለቀቀ ነው። ማስመለሱ ቆመ? አእምሮው ጠራ? ራሱ ምግብ ጠየቀ? ስትሪፑ በተከታታይ እየሳሳ ነው? እነዚህ ሳይሟሉ 190 የሚል ቁጥር ቢመጣ ምንም አያረጋግጥልሽም።

ሶዲየሙን ዝም ብለሽ ያለፍሽው ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። 128 ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ግን ስኳሩ ውሃ ከሴል ጎትቶ ደሙን አቅጥኖት ነው። ከ100 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 100 ስኳር 1.6 ጨምሪበት። 486 ላይ 6 ገደማ ይጨመራል፣ እውነተኛው 134 ነው። ብዙም አያስጨንቅም። ስኳሩ እየወረደ ሶዲየሙ መውጣት አለበት። አብሮ ከወረደ ግን፣ በተለይ ሕፃን ልጅ ከሆነና ራሴን አመመኝ ካለ ወይም ከነቃ በኋላ መልሶ ከደነዘዘ፣ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ከእንቅልፉም ቢሆን ይቀስቀስ።

ሶዲየም ከምንም በላይ የሚናገረው አረጋውያን ላይ ነው። አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ቤተሰቡ «ስትሮክ መቷቸዋል» ብሎ አመጣቸው፣ ሳምንት ሙሉ ውሃ ውሃ ሲሉ ከርመው መናገር አቁመዋል። የጣት መለኪያው «ሃይ» ይላል፣ የሽንት ኬቶን ኔጌቲቭ። ኬቶን የላቸውም ተብሎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የላብራቶሪ ስኳር 890፣ ሶዲየም 148። አሁን አስቢው። ሶዲየሙን በሁለት አባዢ፣ 296። ስኳሩን ለ18 አካፍዪ፣ 49 ገደማ። ድምሩ 345። ከ300 በላይ ሲሆን ደሙ እንደ ሽሮፕ ወፍሯል ማለት ነው። ያልቀጠነው ሶዲየም ሲሰላ ደግሞ 160 አልፏል። ኤችኤችኤስ የሚባለው፣ ያለ ኬቶን ስኳሩ እጅግ በዝቶ ሰውነት የሚደርቅበት ሕመም፣ ይሄ ነው፤ ኬቶን የለም ማለት ድንገተኛ አይደለም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ሞቱ ከዲኬኤ ይበልጣል። እሳቸው ከኢንሱሊኑ በፊት ያስፈለጋቸው ፈሳሽ ነበር። ደግሞ «ሃይ» ቁጥር አይደለም። ብዙዎቹ መለኪያዎች ከ600 በላይ ያለውን ሁሉ «ሃይ» ነው የሚሉት፣ 610ም 1200ም አንድ ነው ለእነሱ። ቻርት ላይ «ሃይ» ብለሽ ጻፊ፣ ግን የደም ናሙና ላብራቶሪ ይሂድ።

ስለ ጣት መለኪያው ካነሳን፣ ጣቱን በውሃ እጠቢው። አስታማሚው መንገድ ላይ ሚሪንዳ አጠጥቶት፣ ማር አልሶት ሊሆን ይችላል፣ ጣቱ ላይ የተረፈች ጠብታ 90ን 250 ታደርጋለች። እጁ በረዶ ከሆነና የደም ግፊቱ ከወደቀ የጣት ደም አይታመንም። ደም ያነሰው ሰው ላይ ስትሪፑ ከፍ አድርጎ ይለካል። ድሪፕ ከሚሄድበት ክንድ ደም አይቀዳም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ከግሉኮስ ባግ በላይ ተቀድቶ 700 የመጣ ውጤት አይቼ አውቃለሁ፣ ልጁ ቁጭ ብሎ እየሳቀ።

የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ አትቸኩዪ። ዲኬኤ ራሱ ያለ ምንም ኢንፌክሽን ከ10 እስከ 15 ሺህ ያደርሰዋል። ከ25 ሺህ ካለፈ ግን ኢንፌክሽን ይፈለግ። ትኩሳት የለውም ብለሽም አትዝናኚ፣ ኢንፌክሽን ኖሮ ሰውነቱ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። እግሩን ገልጠሽ እዪ፣ ጫማው ውስጥ የተደበቀ ቁስል ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ። ክሬቲኒንም (የኩላሊት ምርመራው) እንዲሁ፣ ኬቶኑ የቆየውን የመለኪያ ዘዴ ስለሚያታልለው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ፈሳሽ ከገባ በኋላ ሳይደገም ልጁን የኩላሊት ታማሚ አታድርጊው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለ። ከመተማና ከሁመራ ለአጨዳ ሄዶ የሚመለስ ቀጭን ወጣት ሲያስመልሰው፣ ትንፋሹ ሲበዛ፣ ሲደክም ሁሉም ሰው ወባ ነው ይላል። ሊሆንም ይችላል። ግን አንድ ጠብታ ደምና አንድ የሽንት ስትሪፕ ዲኬኤን ያሳይሻል፣ ለወባ የሚወጋውን ጣት ለስኳርም ተጠቀሚበት። በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ታማሚ ብዙ ጊዜ እንደ እናንተ ልጅ ወጣት፣ ወንድ፣ ቀጭን ነው፤ የሚታወቅ ነገር ነው። ሁለቱም አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት እየተሰጠው ያለ ሰው ደግሞ ስኳሩ ሊወርድ እንደሚችል አትርሺ።

የወረደ ስኳር ላይ ረጅም አልሄድም፣ ስለሱ አልጠየቅሽኝም። ከ70 በታች ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከ54 በታች አስቸኳይ ነው፣ አእምሮውን ከሳተ ቁጥሩ ምንም ይሁን ላብራቶሪ አይጠበቅም፤ 40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ በትልቅ ደም ሥር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል። አንድ ነገር ብቻ፦ ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ እንክብል) የሚወስዱ ሽማግሌ በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ ጾም እንዲህ ሆነው ከመጡ፣ ነቅተው ቢያመሰግኑሽም ወደ ቤት አይሂዱ። መድኃኒቱ ገና ውስጣቸው ነው፣ በተለይ ኩላሊታቸው ከደከመ፣ ማታ ተመልሰው ይወድቃሉ። 24 ሰዓት ይቆዩ። በረመዳን ለሚጾሙትም ያው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ መጨረሻ። የትኛውን ውጤት ልከተል ላልሽው፣ አንድ ውጤት ብቻውን አትከተዪ፣ መስመሩን ተከተዪ። የኦርደር ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሠንጠረዥ አስምሪ፦ ሰዓት፣ ስኳር፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ትንፋሽ፣ የሽንት መጠን፣ ኬቶን፣ የሰጠሽው ኢንሱሊን። ስኳሩ በየሰዓቱ፣ ኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም ፖታሲየምና ሶዲየሙ፣ በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ። የእናንተ ልጅ ፖታሲየሙ ሲገባና ሲነጋ ብቻ ነው የተለካው፣ ከጻፍሽልኝ እንደገባኝ። በአራተኛው ሰዓት ተለክቶ ቢሆን 3.3 ምናምን ታገኚው ነበር፣ ሲነጋም አትደነግጪም።

ሰዓቱን ደግሞ በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ የምትጽፉት? ሳቂ፣ ግን ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ማሽኑ 02:00 ብሎ ያትማል፣ ነርሷ «8 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ 8ን እንደ ፈረንጅ ያነበዋል፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ስድስት ሰዓት ልዩነት ተፈጠረ። የሌሊቱ ፖታሲየም የጠዋት ሆነ፣ ኢንሱሊን ታዘዘበት። ክፍላችሁ ውስጥ አንዱን ምረጡና ሁላችሁም በእሱ ጻፉ፤ ውጤቱ የደረሰበትን ሳይሆን ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት።

ሐኪሙን ስትጠሪም «ልጁ ደህና አይደለም» ብለሽ አትደውዪ፣ ሌሊት ያ አያስነሳም። «ስኳሩ 190 ገብቷል፣ ትንፋሹ ግን ገና 32 ነው፣ ኬቶኑም አለ። ግሉኮስ ጨምሬ ኢንሱሊኑን በግማሽ ላስቀጥል?» በዪው። «ፖታሲየሙ 3.1 ነው፣ ኢንሱሊኑን ሳልሰጥ አቆይቻለሁ» በዪው። ቁጥሩንና የምታስቢውን አብረሽ ስትሰጪው እሺ ለማለትም ይቀለዋል። ኦርደሩ «አቁሚ» ቢልም ጥያቄሽንና መልሱን ከነሰዓቱ ጻፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አልጻፍሽልኝም። ልጁ ለምን እዚህ ደረሰ? አባቱን ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ በቁጣ አይሁን። ኢንሱሊኑ አልቆበት ነው፣ ጸበል ገብቶ ትቶት ነው፣ ወይስ እየወሰደ? እየወሰድኩ ነበር ካለ ቪያሉን (የኢንሱሊን ጠርሙሱን) ከቤት ያስመጡልሽ። ደምቢያ ሙቀት ነው፣ ፍሪጅ ያለው ቤት ስንት ነው። እርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ላይ የሚያስቀምጡት ደህና ይቆይላቸዋል፣ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር የከረመው ግን ይበላሻል። ኤንፒኤቹን በመዳፍሽ አንከባለሽ ወደ ብርሃን ያዢው። እንደ ወተት አንድ ወጥ ካልሆነና ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ በረዶ የተጣበቀ ነገር ካየሽ አይረባም። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ከዛሬው ፖታሲየም ጋር።